የቀኝ ሞተሩ ሽቦ

ሐይቅ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለወንድሜ ለማህዲ፣ ባለህበት የአላህ ጥበቃ አይለይህ። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ የአክስቴ ልጅ ነህ፣ ለአንተ እንዲህ ያለውን የደብዳቤ ውሸት አልጽፍም። የጎደለን ብዙ ነው። ደህና መሆኑን ግን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ፎቶህ ደርሶናል። ባለ ውሃ ቦቴው እንየው ከዚያ ወደ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ልኮት ነው። ነጭ ጀልባ ላይ ቆመህ፣ መሪውን ይዘህ፣ ጥርስህን ገልጠህ፤ ከኋላህ ሁለት ሞተር ተሰቅሏል። እናትህ አክስቴ መስኡዳ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ ከአምባሰል እስከ ሐይቅ ይዛው ወረደች። እኔ ዓሣ የምጠብስበት በር ላይ ተቀምጣ ለመጣው ለሄደው ስታሳይ ዋለች። ሲመሽ ጀልባው ያንተ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ጀልባው ሁለት ሆነ። የባጃጅ ተራ ልጆች አሁን "ካፒቴኑ" ነው የሚሉህ፤ ያኔ ባጃጁን ያስነዳህ ጋሽ ሙነወር ራሱ "እኔ ነኝ መሪ ያስያዝኩት" እያለ ይኮራል።

ጣጣው ደግሞ ከዚህ ይመጣል። አክስቴ ቤት ቆርቆሮው ተበልቶ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ጥግ ታዞራለች። "ባለ ጀልባ ልጅ እያለኝ" ብላ ለቆርቆሮ እንድጽፍልህ ለምናኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። የሌሎቹን ልመና ትቼዋለሁ።

የራሴን ጥያቄ ደግሞ ልጠይቅህ። እኔም እዚያው ዐረብ አገር የሰው ቤት ሠርቼ መጥቻለሁ፤ ፎቶ የማየው እንደ አክስቴ አይደለም። ጀልባው ውሃ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ እንጨት ተደግፎበታል። ስልክህስ ለምን አይሠራም? አንተስ ለምን ከሳህ? እውነቱን ጻፍልኝ፤ ለአክስቴ የምነግራትን እኔ እመርጣለሁ።

እህትህ ዙለይሃ


ኅዳር 29 ቀን 2017

ወዐለይኩሙሰላም ወረሕመቱላህ።

ለእታለም ዙለይሃ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ እንየው የውሃ ቦቴውን ይዞ እዚህ ግቢ የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ነው፣ ሲመጣም ከፊሉ፣ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ቆሞ ያየዋል። ስልኬን "ሥራ ያስፈታል" ብሎ ያዘው። በሌላ አትጨነቂ፣ ምግቡ አይጎድልም።

እንጨቱን በማየትሽ ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ። ጀልባው የከፊሉ ነው። ግቢው ውስጥ እንጨት ላይ ተቀምጦ ዓመት አልፎታል። እኔን ያመጣኝ ባጃጅ እጠግን እንደነበር ሰምቶ ነው፤ "ሞተር ያው ሞተር ነው" አለኝ። ሁለቱ ሞተሮች ሲነሱ ፓስፖርቴን ሰጥቶ አገሬ እንደሚሸኘኝ በልጆቹ ስም ምሎልኛል። እስከዚያ ፓስፖርቱ እንዳይጠፋ እሱ ጋ ነው ያለው።

የግራው ሞተር ተነሥቷል። የቀኙ ግን አበሳዬን አሳየኝ። ቁልፉን ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም። በአንድ ሞተር ደግሞ ጀልባው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዳሽቦርዱን ስከፍተው የሽቦ ጫካ ነው። ፀሐይና ጨው ቀለሙን ስለበላው ቀዩም ጥቁሩም ነጭ ሆኗል። በቴስተር አንዱን ጫፍ ሞተሩ ጋ፣ ሌላውን ዳሽቦርዱ ጋ እየነካሁ፣ ጢጥ ሲል ያ ያው ሽቦ ነው ብዬ ቁራጭ ጨርቅ አስራለሁ። ይሄ የቁልፍ፣ ይሄ የሞተሪኖ፣ ይሄ የባትሪ እያልኩ ሁሉንም ለየሁ። አንዲት ሽቦ ብቻ ባለቤት አጣች። ከቀኝ ሞተሩ ወጥታ ወለሉ ሥር ትገባለች፣ ዳሽቦርዱ ጋ ግን አትወጣም። ከየትኛውም ጫፍ ጋር ባነካካት ቴስተሩ ዝም ነው። የምን እንደሆነች ሳላውቅ ቆርጫት ሞተሩ ቢቃጠል ጥፋቱ በእኔ ነው፤ ስለዚህ ፈራኋት።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ከሞተሩ በምትወጣበት ቦታ የታሰረችው በፕላስተር አይደለም። እንደ ሐይቅ ባጃጅ ተራ ከጎማ ላስቲክ በተቀደደ ክር ተጠምጥማ ነው። ከፊሉ ደግሞ ስሜን አይጠራኝም፤ ሲጠራኝ "መናን" ነው የሚለኝ።

ለእናቴ ጀልባው የእኔ አለመሆኑን ንገሪያት፣ የፓስፖርቱን ግን ተዪው። ለቆርቆሮው አሁን እጄ ላይ የለም። እንደምወዳት ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ማህዲ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድም ዓለም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

"እንዳይጠፋ እሱ ጋ ነው ያለው" አልክ። የእኔም እመቤት እንዲሁ ብላኝ ነበር። እሷ ጋ ምንም አልጠፋ፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ አልጽፍም፣ ልብህን አላደክምም፤ ግን እንዳወቅኩ እወቅ።

ለአክስቴ ጀልባው የአሠሪህ መሆኑን ነገርኳት። "ቢሆንም መሪውን የያዘው እሱ ነው" ብላ ፎቶውን መልሳ ጠቀለለች። ስለ ቆርቆሮው ጠይቂልኝ ማለቷን አቆመች። ይሄ ከልመናዋ የበለጠ አሳዘነኝ።

አሁን ወደ ሽቦህ። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ጩኸቱን ብቻ ነው። ግን ዓሣ የምጠብሰው ከባጃጅ ተራው ጎን ነው፤ የልጆቹን ወሬ ስሰማ እውላለሁ። አንድ ልጅ ባጃጁን አቁሞ ሲሄድ እጁን የሆነ ቦታ ይከታል፣ ሌላው ሰው ቁልፍ ቢያገኝ እንኳ ባጃጁ አይነሳለትም። ለሌባ ብለው የሚደብቁት ማብሪያ አለ አይደል? ጋሽ ሙነወር ያንተን ባጃጅ ከመቀመጫው ሥር አድርጎበት አልነበር? አንተ ረስተኸው ግማሽ ቀን ስትገፋ ውለህ ሰው ሁሉ ሲስቅብህ አልነበር? የጎማ ክር ካየህ የእኛ አገር ሰው እጅ ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ማብሪያ ሳይደብቅ አያድርም። ከመቀመጫው ሥር ፈልግ።

ሞኝ ሐሳብ ከሆነ ሳቅብኝ። ብቻ ቶሎ ወጥተህ ናልኝ።

እህትህ ዙለይሃ


ጥር 27 ቀን 2017

ወዐለይኩሙሰላም እታለም፣ እታለም፣ እታለም! አላህ ጀነትን ያውርስሽ።

አገኘሁት! ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ የነጂውን መቀመጫ ነቀልኩ። ምንም የለም። ተናደድኩብሽ። ከዚያ ያቺን ሽቦ በረጅም ሽቦ ቀጥዬ፣ የወለሉን ጣውላ እያነሣሁ፣ በቴስተር ተከተልኳት። በውሃ ታንኩ ጀርባ ዞራ፣ በቀኝ በኩል ካለው የእንግዳ መቀመጫ ሥር ትወጣለች። እዚያ አውራ ጣት የምታክል ማብሪያ፣ ያው በጎማ ክር ተጠቅልላ። ስትበራ የሞተሩን እሳት ወደ ብረቱ እየወሰደች ትገድለዋለች፤ ስትጠፋ ትለቀዋለች። ሞተሩ ሞቶ አልነበረም፣ ማብሪያዋ በርታ ነበር እንጂ። ወላሂ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረግኩና ቁልፉን አዞርኩ። ቀኙ ተነሣ። ግራውን አስነሣሁ። በውሃ ማቀዝቀዣ ቱቦ እያጠጣኋቸው ሁለቱ አንድ ላይ ሲጮሁ አለቀስኩ።

ከፊሉ እየሮጠ መጣ። አቀፈኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ስለ ማብሪያዋ አልነገርኩትም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ምን አስቦ እንደደበቃት አላውቅም፤ የአገሬን ልጅ አሳልፌ እንዳልሰጥ ብዬ "ሽቦ ተበጥሶ ነው" አልኩት። ፓስፖርቴን ከዒድ በኋላ ይሰጠኛል። በዒድ እንግዶች ስላሉት በጀልባው ሊያዝናናቸው ይፈልጋል፤ ከዚያ በራሱ መኪና ኤርፖርት ያደርሰኛል።

ለእናቴ ንገሪያት። አሁን ሁሉንም ንገሪያት። ወዳጃ ታድርግልኝ፣ ሰዉ ይሰብሰብ፣ ዱኣ ይደረግ። እንደመጣሁ ቆርቆሮውን እኔው እመታዋለሁ።

ወንድምሽ ማህዲ


ሐይቅ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም።

ማህዲዬ፣ ይህ ደብዳቤ ከዒድ በፊት እጅህ እንዲገባ ለአላህ ተስያለሁ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ።

ወዳጃው ትናንት ሆነ። አክስቴ ቤት ሰው ከግድግዳ ግድግዳ ሞላ። አክስቴ ያላትን በግ አረደች። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ዱኣውን ሲመሩ፣ ልጁ እንዴት ሽቦውን ፈልጎ እንዳገኘ፣ ጀልባው እንዴት እንደተነሣ፣ አሠሪው እንዴት እንደማለለት አንድ በአንድ እያነሡ "አላህ ፍጻሜውን ያሳምርለት" ሲሉ ቤቱ በአሚን ይናወጥ ነበር። ከጋሽ ሙነወር ጋር የመጣ አንድ ሰው ግን አሚን አላለም። ተነሣ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። በዱኣ መሐል ሰው አይወጣም። ሴቶቹ ነውር ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔ ተከትዬው ወጣሁ።

አብዱልመናን ነው፣ እዚሁ ባጃጅ የሚጠግነው። "መናን" ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። እጁን ይዤ "ያ ሽቦ ያንተ ነው?" አልኩት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

"ወላሂ ዙለይሃ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት" አለኝ። "ለእኔም በልጆቹ ስም ማለ። ጀልባውን ሳስነሣለት ከዒድ በኋላ አለኝ። ዒዱ አለፈ፣ ከዚያ ከሐጅ በኋላ አለኝ። የሚነሣ ጀልባ ያለው ሰው አስነሺውን ለምን ይለቃል? ጀልባው በሠራ ቁጥር የምተኛበት በር ከውጭ ይቆለፍብኝ ነበር። በመጨረሻ ማብሪያዋን ቀበርኩና ሞተሩ ሞቷል አልኩት። ሌላ መካኒክ አምጥቶ አላገኘውም። ያኔ 'አትረባም' ብሎ አባረረኝ። አገሬ የገባሁት ባለመርባቴ ነው።"

"ከኋላህ ሰው እንደሚያመጣ አላሰብክም?" አልኩት።

"የተፈታ ሰው ወደ ኋላ ያያል እንዴ?" አለኝና አለቀሰ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፣ አቃተኝ።

ማህዲ፣ ከመቀመጫው ሥር ፈልግ ያልኩህ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ቆለፍኩብህ። ዒዱ ካላለፈ፣ ማብሪያዋን መልሳት። ሞተሩን ግደለው። የማትረባ ሁን። አክስቴ ምንም አታውቅም፤ ትራስህን እያጠበች ነው።

ዙለይሃ


ሰኔ 28 ቀን 2017

ወዐለይኩሙሰላም እታለም። አላህ ሐዘንሽን ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽ ከዒድ በኋላ ነው የደረሰኝ። እንየው ግቢው እንዳይገባ ተከልክሎ ቆይቶ ነበር። ራስሽን አትውቀሺ፤ አንቺ ባትነግሪኝም ወለሉን ነቅዬ ማግኘቴ አይቀርም ነበር። ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም፣ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ዒዱ አለፈ። ከፊሉ "ከሐጅ በኋላ" አለኝ፣ ልክ አብዱልመናን እንዳለው፣ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ። በየጁምዓው እንግዶች ይመጣሉ። ጀልባውን እኔ አወርዳለሁ፣ አስነሣለሁ፣ አጥባለሁ። ለእንግዶቹ "እጁ ወርቅ ነው" ብሎ ያሳየኛል። የምተኛው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፣ እንግዶቹ ሲሄዱ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኛል። ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም፤ ደህና ነኝ እያልኩ ነበር። ደህና አይደለሁም። ግድግዳው ሲግል ብረቱ ይጮኻል፣ እኔም አብሬው መጮህ ያምረኛል።

ሐጁም አለፈ። ስለዚህ አደረግኩት። ማብሪያዋን አበራኋት፣ ከነበረችበት አንሥቼ ከታንኩ ጀርባ ደበቅኳት። የቀኙ ሞተር ሞተ። ሞተሩ ሞቷል ስለው ከፊሉ ፊቱ ጠቆረ። "መናንም እንዲሁ ነበር ያለኝ" አለ። እንደ በፊቱ ግን አላመነም። አዲስ ሰው አስመጣ። "ይሄ ሰው ሞተሩ ሞቷል ካለ ጀልባውን እሸጣለሁ፣ አንተም ትሄዳለህ። ካስነሣው ግን አንተ አታላይ ነህ፣ ፖሊስ ይወስድሃል" አለኝ።

ሰውየው ትናንት ገባ። ሀሚዱ ይባላል። እታለም፣ የአምባሰል ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ሚስቱ ሰሚሃ ትባላለች። ደሴ ጋራዥ የሠራ እውነተኛ መካኒክ ነው። ካስነሣው ፓስፖርቱን በኪሱ እንደሚያኖር ተምሎለታል። ማታ ዳቦውን ከፍሎ ሰጠኝና "ችግሩ ምን ላይ ነው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ልንገረው? ከነገርኩት ወይ ያስነሣዋል፣ ወይ ለከፊሉ ይነግራል። ካልነገርኩት ምን ነኝ?

መልስሽ ቶሎ ይድረሰኝ።

ማህዲ


ሐይቅ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም።

ሰሚሃን አውቃታለሁ። ዓሣ ከእኔ ትገዛለች፤ ትንሹን ልጅ አዝላ ነው የምትመጣው። ባለፈው ሳምንት "ሀሚዱ ጥሩ አሠሪ አገኘ" ብላኝ በደስታ ተሰነባበተችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ዝናቡ ገብቷል። አክስቴ አልጋዋን ማዞር ትታለች፣ እርጥቡ ላይ ትተኛለች። ሳል ይዟታል። ምንም እንድትልክ አትፈልግም። "ባዶ እጁን ይምጣ፣ እሱ ብቻ ይምጣ" ትላለች። ፎቶውን ለማንም አታሳይም።

አትንገረው። ይኸው መልሴ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰሚሃም ይቅር ትበለኝ። ዝም በልና ውጣ።

ዙለይሃ


ከኤርፖርት፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሰው አልፈለግኩም። እኔው ነኝ ይዤው የምመጣው። ፓስፖርቴ ጭኔ ላይ ነው፤ በየደቂቃው እነካዋለሁ። በአፌ ልነግርሽ ስለማልችል ነው የምጽፈው፤ ስሰጥሽ አንብቢና ከዚያ አነጋግሪኝ።

እንዳልሽኝ ዝም አልኩ። ሀሚዱ ሳምንታት ፈጀበት። ካንዴላ ለወጠ፣ ሽቦዎቹን እንደ እኔው አንድ በአንድ ለየ፣ ያቺ ባለቤት የሌላት ጋ ደረሰ። ጎኑ ቆሜ ቴስተሩን ያዝኩለት። ወለሉን ሲነቅል መፍቻ አቀበልኩት።

ታንኩን አስጠግቶ እጁን ከጀርባው ሰደደ፣ ማብሪያዋን ይዞ ቆመ። አላወጣትም። ጣቱ የጎማውን ክር እየዳሰሰ "ይሄ የእኛ አገር ሰው አሠራር ነው" አለ። ከዚያ አየኝ። "አንተ ነህ?" አለኝ። የምተኛበትን ኮንቴይነር፣ የበሩን ሰንሰለት፣ እኔን፣ በየተራ አየ። ሁሉም ገባው። ሳልነግረው ገባው።

ከፊሉ መጣ። "እሺ?" አለው። ቁልፉ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። ሀሚዱ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ኖሮ ሞተሩ ይነሣል፣ የእሱ ፓስፖርት ኪሱ ይገባል፣ እኔ ፖሊስ ጣቢያ አድራለሁ። እጁን ከታንኩ ጀርባ ባዶውን አወጣው፣ በጨርቅ ጠረገው። "ሞቷል" አለ በተሰባበረ ዐረብኛ። "ውስጡ ተቃጥሏል። ማንም አይሠራውም።"

ከፊሉ ተሳደበ፣ የጀልባውን ጎን ረገጠ። እኔን "ነገ ትሄዳለህ" አለኝ። ሀሚዱን "አንተ የቪዛህን ዋጋ ሳትሠራልኝ የትም አትሄድም" ብሎ በረሃ ውስጥ ወዳለው የግመል እርባታ ላከው። ፒክአፑ ላይ ሲወጣ ሮጬ ያዝኩት። "ለምን?" አልኩት። "እኔ ገና መምጣቴ ነው፣ ጉልበት አለኝ። አንተ ግን አልቀሃል" አለኝ። ለሰሚሃ ምን ልንገርልህ ስለው "እውነቱን" ብሎ መኪናው ተነሣ።

እታለም፣ አንቺም እኔም ዝም ልንል ተስማማን፤ እሱ ማንም ሳይለምነው ለእኔ ብሎ ተናገረ። ነፃ ወጥቻለሁ፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ግን ደረቴ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ ነው የተዘጋው። አብዱልመናንን ልሰድበው ያሰብኩትን ሁሉ መልሼ ለራሴ እያልኩት ነው።

የእርባታው ቦታ የት እንደሆነ እንየው ያውቀዋል፣ የመንገዱን ስም ጽፎ ሰጥቶኛል። አብዱልመናንንም ይዘን፣ የሚመለከተው ቢሮ ሁሉ ጋ እንሄዳለን፤ እሱም እኔም አፍ ያለን ምስክሮች ነን። ይህን እንደማደርግ አሁን እዚህ ሰው መሐል ተቀምጬ ምያለሁ።

ግን ከዚያ በፊት ሌላ አለ። እናቴ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ወደ እሷ ቀድሜ አልሄድም። ከመናኸሪያ ስወርድ አንቺ ጋ እመጣለሁ፤ ይህን እንዳነበብሽ ቀጥታ ሰሚሃ ቤት እንሄዳለን። እኔን ስታይ ከኋላዬ እሱን ትፈልጋለች። "ደህና ነው" ለማለት አፌ ይከፈታል፣ አውቀዋለሁ፣ ለምዶበታል። ያኔ እጄን ያዥው፣ እንዳልዋሻት።

ማህዲ